ሆልደን የሚደብቀው ስሜቱን አይደለም

ስለ ጄ. ዲ. ሳሊንጀር «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» የተጻፈ አንድ መጣጥፍ ሰሞኑን አነበብኩ። የመጣጥፉ ጥያቄ አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የታተመው የዚህ ልብ ወለድ ተራኪ፣ ወጣቱ ሆልደን ኮልፊልድ፣ ስሜቱን የሚደብቀው ለምንድን ነው? ጸሐፊው አምስት መልስ ይሰጣሉ። ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ስላደገ ያፍራል፤ ሁሉን የሚያጣጥል ልበ ደረቅ ስለሆነ ለሌላው አያዝንም፤ ውሸታም ስለሆነ ስለ ራሱ የሚናገረው አይታመንም፤ ደራሲው ከጦር ሜዳ ይዞት የተመለሰውን ቁስል ስለጫነበት ዝምታው የልጁ ሳይሆን የሳሊንጀር ነው፤ በመጨረሻም ልጁ የልቡን አውጥቶ ሲናገር ይድናል። መጣጥፉ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ጸሐፊውም መጽሐፉን እንደሚወዱት ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ራሱ ገና ያልተረጋገጠ ነገር እንደ እውነት ይዞ የተነሣ ስለመሰለኝ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

መጽሐፉን ካነበቡት ለቆዩ ሰዎች ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። የ16 ዓመቱ ሆልደን በትምህርቱ ስለወደቀ ፔንሲ ከተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ይባረራል፤ የገና ዕረፍት እስኪጀምር ሳይጠብቅ በሌሊት ወጥቶ ኒው ዮርክ ይገባል፤ ወላጆቹ ሳያውቁም በሆቴል፣ በመጠጥ ቤት፣ በመናፈሻና በባቡር ጣቢያ ይንከራተታል። ይህን ሁሉ የሚተርክልን በኋላ ታሞ ካረፈበት ቦታ ሆኖ፣ 17 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ጁላይ 18 ቀን 1946፣ ታናሽ ወንድሙ አሊ በደም ካንሰር ሞቷል። አሊ 11 ዓመቱ፣ ሆልደን 13 ዓመቱ ነበር።

ጸሐፊው በቅድሚያ የሚያነሡት የእፍረትን ነገር ነው። የዘመኑ የአሜሪካ ባለጸጋ ቤተሰብ ወንድ ልጁን እንባውን እንዲውጥ አድርጎ ያሳድግ እንደነበርና ሆልደንም ይህንኑ እንደተማረ ይገልጻሉ። እንዲህ ያለ አስተዳደግ መኖሩን አልክድም፤ ሆልደን ግን ለዚህ የሚመች ምስክር አይደለም፤ ማልቀሱን ደጋግሞ የሚነግረን ራሱ ነውና። ከትምህርት ቤቱ ሊወጣ ሻንጣውን ይዞ ከደረጃው አጠገብ ሲቆም፣ ኮሪደሩን ዘወር ብሎ አይቶ እንባ እንደመጣበት ይናገራል። ሞሪስ የተባለው የሆቴሉ የአሳንሰር ሠራተኛ ያልተስማሙበትን ተጨማሪ 5 ዶላር ሊነጥቀው ክፍሉ ድረስ በመጣ ጊዜ ያለቅሳል። በመጠጥ ቤት ሰክሮ ካፖርቱን ሊወስድ በሄደበት ያለቅሳል። የ10 ዓመት እኅቱ ፊቢ ለገና ያጠራቀመችውን ገንዘብ በጨለማው ክፍል ውስጥ በእጁ ስታስጨብጠው ደግሞ የሚያንቀው እስኪመስለው ድረስ ያለቅሳል፣ ልጅቷም ትደነግጣለች። ስሜቱን የሚደብቅ ተራኪ ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለማስቀረት ምንም አያግደውም ነበር፤ ተራኪው እርሱ ብቻ ነው፣ ሌላ የሚያጋልጠው ሰው የለም።

እፍረት ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። በሞሪስ ፊት ያለቀሰው ልቅሶ እንዳይሆን ቢሆንለት ማንኛውንም ነገር እንደሚሰጥ ይናገራል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ያፈረው በሚደበድበው ሰው ፊት እንጂ በአንባቢው ፊት አለመሆኑን ነው። ለእኛ ልቅሶውንም እፍረቱንም አብሮ ይሰጠናል። የማይሰጠን ነገር ምክንያቱን ነው። በኮሪደሩ ላይ ለምን እንዳለቀሰ እንደማያውቅ ይናገራል፤ በመጠጥ ቤቱም መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፤ በመጨረሻ እኅቱ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ ስትዞር እያየ ከደስታ ብዛት ሊያለቅስ ሲቃረብም እንዲሁ ለምን እንደሆነ አላውቅም ይላል። ጸሐፊው ይህን «ማምለጫ» ብለውታል። እኔ ግን ከዚህ ላይ ነው መጀመር የሚገባን እላለሁ፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ተራኪ የሚሸሽገው ስሜቱን ሳይሆን ስሜቱ የሚነሣበትን ቦታ ነው፣ ያ ቦታ ደግሞ አሊ ነው።

ይህን ለማየት አሊ ወደ ታሪኩ የሚገባበትን መንገድ ማጤን ያስፈልጋል። ታላቅ ወንድሙ ዲ. ቢ. ከመጽሐፉ መጀመሪያ አንሥቶ በስሙ ይጠራል። የአሊን ስም የምንሰማው ግን በሌላ ሰው የቤት ሥራ ምክንያት ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤቱ አንድ የመኝታ ክፍል የሚጋራው ስትራድሌተር ከአንዲት ልጅ ጋር ሊዝናና ሲወጣ፣ ስለ አንድ ክፍል ወይም ቤት የሚገልጽ ድርሰት እንዲጽፍለት ሆልደንን ይለምነዋል። ሆልደን ስለ ክፍልም ስለ ቤትም መጻፍ ያቅተውና ስለ አሊ የቤዝቦል ጓንት ይጽፋል። አሊ ግራኝ ስለነበር ጓንቱ የግራኝ ነው፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ኳስ የሚመታ ሰው እስኪመጣ ሲጠብቅ የሚያነበው እንዲኖረው ብሎ በጣቶቹም በመዳፉም ላይ በአረንጓዴ ቀለም ግጥም ጽፎበታል። ሆልደን ጓንቱን ሻንጣው ውስጥ ይዞት ይዞራል። አውጥቶ ግጥሞቹን ይገለብጣል፤ የስትራድሌተር ወንድም አለመሆኑ እንዳይታወቅ የአሊን ስም ይቀይራል። ስለ ጓንቱ መጻፉንም እንደወደደው በግማሽ አፉ ያምናል። ስትራድሌተር ተመልሶ ሲያነበው ስለ ቤት የተጠየቀውን ስለ ጓንት ጻፍክ ብሎ ይቆጣል። ሆልደን ወረቀቱን ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል።

ጸሐፊው ይህን ትዕይንት በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል፣ ያውም የልጁን «ግልፍተኝነት» ለማሳየት። ለእኔ ግን የጥያቄያቸው መልስ አብዛኛው እዚህ ላይ ተቀምጧል። ሆልደን በሌላ ሰው ስም፣ በሌላ ሰው የቤት ሥራ፣ የሟቹን ስም ለውጦ፣ ስለ አንድ ዕቃ በመጻፍ ሽፋን የልቡን ጻፈ። ከዚህ የበለጠ መሸፋፈን የለም፤ ሆኖም ከዚህ የበለጠ ግልጥ ያለ ነገርም በዚያ ትምህርት ቤት ማንም ለማንም አልሰጠም። የተቀበለው ሰው ያየው ደግሞ ርእስ መሳቱን ብቻ ነው። ልጁ ዝምታን የተማረው ከአባቱ ምክር ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ወረቀት ከቅርጫቱ አውጥቶ ማንበብ ይኖርበታል።

በዚያው ምዕራፍ አሊ የሞተበትን ሌሊትም ይነግረናል። ጋራዥ ውስጥ አድሮ የመስኮቶቹን መስታወት ሁሉ በባዶ እጁ ሰባበረ፤ የመኪናውንም መስታወት ሊሰብር ነበር፣ እጁ ግን ቀድሞ ተሰብሯል። ዝናብ ሲሆን እስከ ዛሬ ያመዋል፣ ጥሩ አድርጎ መጨበጥም አይችልም። ይህን ተናግሮ ሥራው የሞኝ ሥራ እንደነበረ ያምንና፣ እናንተ ግን አሊን አታውቁትም የሚል ሐሳብ ይጨምራል። ይህች አጭር ሐረግ ከመጣጥፉ አምስት ነጥቦች ሁሉ የበለጠ ታስረዳለች ብዬ አምናለሁ። ሆልደን ኀዘኑን ለሰሚ ማስረዳት የማይችለው የሚያሳፍር ስለሆነ አይደለም፤ ሰሚው ያላየውን ልጅ ማጣት ምን እንደሚመስል በቃል ማስተላለፍ እንደማይቻል ስለገባው ነው። እንዲያውም የቀብሩ ዕለት ራሱ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር ወንድሙን አልሸኘም። ኋላ ከወላጆቹ ጋር መቃብሩን ሊጎበኝ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዝናብ ወረደ፤ ጎብኚዎቹ ሁሉ እየሮጡ መኪናቸው ውስጥ ገቡ፣ ሬዲዮ ከፈቱ፣ ራት ሊበሉ ሄዱ፤ አሊ ብቻ እዚያው ቀረ። ሆልደን ሊታገሠው ያልቻለው ይህን ነው፤ እዚህ ላይ ስሜቱን ደበቀ የሚል ካለ መጽሐፉን ሌላ ጊዜ ቢያነበው እመክራለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ልበ ደረቅ ነው የሚለው፣ ብዙ አያቆየንም። ሆልደን ብዙ ሰው ያጣጥላል፤ አስመሳይ የማይለው ሰው ጥቂት ነው፤ አፉም ክፉ ነው። በባቡር ጣቢያ ቁርስ ሲበላ ያገኛቸውን ሁለት መነኩሲቶች ርካሽ ሻንጣ አይቶ ልቡ የሚያዝን፣ 10 ዶላር ሰጥቶም አነሰ ብሎ የሚጸጸት ግን ያው ልጅ ነው። ለክርክሩ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የጄን ጋላገር ትዝታ ይመስለኛል፤ ጸሐፊው ይህን ፈጽሞ አላነሡትም።

ጄን በአንድ በጋ ጎረቤቱ የነበረች ልጅ ናት። አንድ ዝናባማ ቀን በረንዳ ላይ ዳማ ሲጫወቱ፣ ሰካራሙ የእናቷ ባል ብቅ ብሎ ቤት ውስጥ ሲጋራ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃታል። አትመልስለትም። ደግሞ ይጠይቃታል፤ ቀና ብላም አታየውም። ሰውየው ተመልሶ ከገባ በኋላ ሆልደን ምን እንደሆነች ቢጠይቃት ለእርሱም አትመልስም። ከዚያ አንዲት የእንባ ጠብታ ከሰሌዳው ቀይ ካሬዎች በአንዱ ላይ ዱብ ትላለች፣ ጄንም በጣቷ እዚያው ሰሌዳው ላይ ታሻታለች። ሆልደን ተነሥቶ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ፊቷን ሁሉ ይስማል፣ ከንፈሯን ግን እንዲስም አትፈቅድለትም። በኋላ ሰውየው ነክቷት ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቃት አይደለም ትላለች፤ ምን እንደነበር እስከ መጨረሻ አያውቅም።

እዚህ ላይ ሚናው ተገልብጧል። የምትደብቀው ጄን ናት፣ የሚያየው ሆልደን ነው፤ እርሱም ምክንያቱን ካልነገርሽኝ ስሜትሽ አይታመንም አላላትም። እንባውን አየ፣ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ለጥያቄው የተሰጠውን መልስ ተቀበለ። ልበ ደረቅ የተባለው ልጅ ለጄን ያሳየው ትዕግሥት በመጽሐፉ ውስጥ ካሉ አዋቂዎች አንዱ እንኳ ለእርሱ አሳይቶት ቢሆን ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ሦስተኛው የጸሐፊው ነጥብ ጠንከር ያለ ነው። ሆልደን በዓለም ላይ ካሉ ውሸታሞች ዋናው እኔ ነኝ ብሎ ራሱ ስለሚያምን፣ ስለ ስሜቱ የሚናገረውን ማመን አይገባም ይላሉ። አንድ መሠረታዊ ልዩነት ግን ስተዋል፤ ሆልደን የሚዋሸው ለገጸ ባሕርያት ነው፣ ለአንባቢው ደግሞ እየዋሸ መሆኑን በዚያው ቅጽበት ይነግረዋል። ውሸቱን ለሚያውቅ ሰው የተነገረ ውሸት ራሱ አንድ ዓይነት ኑዛዜ ነው፤ ስለዚህ ምን ብሎ እንደሚዋሽ ማየት ይገባል። ባቡር ላይ ያገኛት የአንድ ተማሪ እናት ለምን ከዕረፍቱ ቀድሞ ወደ ቤት እንደሚሄድ ስትጠይቀው፣ አንጎሉ ላይ ትንሽ ዕጢ ስላለች ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ እንደሆነ ይነግራታል። ሆቴል ክፍሉ የመጣችውን ሴተኛ አዳሪ ሊሸኛት ሲፈልግ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ማድረጉን ይነግራታል፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ የሚለው አካል ስሙ የአንድ የጥንት የሙዚቃ መሣሪያ ስም መሆኑ ሳሊንጀር የሚቀልድብን ቀልድ ነው። ሞሪስ ደብድቦት ከሄደ በኋላ ደግሞ ሆዱን በጥይት የተመታ ሰው መስሎ ክፍሉ ውስጥ ይንገዳገዳል፤ ይህንኑ ትርኢት ሰክሮም ይደግመዋል።

ዕጢ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጥይት። ውሸቶቹ ሁሉ አካል ላይ ያረፉ ናቸው፤ ሁሉም ማንም ሰው አይቶ «አይዞህ» ሊል የሚችልባቸው ጉዳቶች ናቸው። በሽታ ታናሽ ወንድሙን የነጠቀበት ልጅ፣ ዓይን የማያየው ሕመም ይዞ እየዞረ፣ ሲዋሽ የሚመርጠው የሚታይ ሕመም ነው። ይህን ያነበበ ሰው ውሸቱን የስሜት መደበቂያ ብሎ ሊጠራው ይችላል፤ ነገር ግን ስሜቱን በተዛባ አድራሻ የመላኪያ መንገድ ነው ቢባል ለጽሑፉ ይበልጥ ይቀርባል። ጸሐፊው ውሸታምነቱን ከምስክርነት ሊያስወጡት ተጠቀሙበት፤ እኔ ከምስክርነቱ ሁሉ ይህን ክፍል አስቀድማለሁ።

ስለ አራተኛው ነጥብ አጭር እሆናለሁ። ሳሊንጀር እ.ኤ.አ. በ1944 ኖርማንዲ ላይ ከወረዱት ወታደሮች አንዱ እንደነበረና ጦርነቱ ሲያበቃም በአእምሮ ጭንቀት ኑረምበርግ ሆስፒታል እንደገባ የታወቀ ነው። ይሁንና ሆልደን የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚገኝበትን አንድ አጭር ልብ ወለድ ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት የተቀበለው በ1941፣ ደራሲው ገና ወደ ጦር ሠራዊት ሳይጠራ ነው፤ የታተመው በ1946 ቢሆንም። ጦርነቱ በመጽሐፉ ላይ ጥላ አላጠላም አልልም። ነገር ግን አንድ ገጸ ባሕርይ ወንድሙን ቀብሮ ሳለ ለኀዘኑ ምክንያት ፍለጋ ኖርማንዲ ድረስ መሄድ፣ ሆልደን ከደረሰበት ሁሉ በላይ ጭካኔ ይመስለኛል።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው እንደሚሉት የሆልደን ችግር ዝም ማለቱ ነው፤ በፊቢ ፊት አልቅሶ፣ በዝናብ ውስጥ ተቀምጦ ደስ ሲለው ተፈትቷል፤ መተረኩ ራሱም ፈውሱ ነው። ሲሰሙት የሚጥም ነገር ነው፣ መጽሐፉ ግን አይደግፈውም።

በመጀመሪያ ሆልደን ዝም አላለም። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ያልለመነው ሰው የለም ማለት ይቻላል። አብራው ለምትዝናናው ልጅ ለሳሊ ሄይስ ሁሉ ነገር እንደሰለቸው ይነግራትና አብረው ወደ ማሳቹሴትስና ቨርሞንት እንዲጠፉ ይጠይቃታል፤ እርሷ አትጩህ ትለዋለች። በዕድሜ የሚበልጠውን የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ካርል ሉስን ትንሽ እንዲቆይለት ይለምነዋል፤ እርሱ ሰዓቱን እያየ የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ይመክረዋል። የታክሲ ሾፌሮችን የሴንትራል ፓርክ ሐይቅ በረዶ ሲሆን ዳክዬዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ይጠይቃል፤ አንዱ የሚቀልድበት ይመስለዋል፣ ሌላው ይቆጣዋል። መምህሩ አቶ አንቶሊኒ ያዳምጡታል፣ ምክራቸውም የዋዛ አይደለም፤ ሌሊት ላይ ግን እንቅልፍ በወሰደው በልጁ ራስጌ ተቀምጠው ጭንቅላቱን ሲዳብሱ ይነቃና እየተንቀጠቀጠ ከቤታቸው ይወጣል። በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ሃያ ጊዜ ያህል እንደደረሰበት የሚናገረው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይወጣውና ያልፋል። መጣጥፉ ይህንንም አላነሣም፤ ስለ ድብቅነት ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ግድፈት ነው።

ከሁሉ የቀረበችው ፊቢ ናት። የምትወደው አንድ ነገር ጥቀስ ስትለው አሊን ይላታል፤ አሊ ሞቷል ትለዋለች። እንደሞተ ማወቁን ጮክ ብሎ ይነግራታል፤ ሰው ስለሞተ ብቻ መውደድ እንደማይቀርም ይሟገታታል። ልጁ ከወንድሙ ጋር ያለውን ነገር ኃላፊ ጊዜ አድርጎ መናገር እንደማይሆንለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሲጨንቀው አሊን በድምፅ ያነጋግረዋል፤ አንድ ቀን ትንሽ ነህ ብሎ ከእነርሱ ጋር እንዳይሄድ ከልክሎት ስለነበር፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አሁን ቤት ሂድና ብስክሌትህን አምጣ ይለዋል። ፊፍዝ አቬኑ ላይ መንገድ በተሻገረ ቁጥር የሚጠፋ ሲመስለው፣ እንዳልጠፋ አድርገኝ እያለ ይለምነዋል፤ ማዶ ሲደርስም ያመሰግነዋል። ሆልደን ስለ አሊ ለሰው ሲናገር አሊ የተጠናቀቀ ታሪክ ይሆናል፤ ለአሊ ሲናገር ግን አሊ አለ። ለእኔ የመደበቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ከእፍረትም፣ ከጭካኔም፣ ከውሸትም የተለየ ነው።

መተረኩ ፈውስ ሆነው የሚለውን በተመለከተ፣ ጸሐፊው የመጽሐፉን የመጨረሻ አጭር ምዕራፍ ከክርክራቸው ውጭ አድርገውታል። ከእንጨት ፈረሱ ደስታ በኋላ ሆልደን ይታመማል። ያለበት ቦታ ያለው የሥነ ልቦና ሐኪም በመስከረም ትምህርት ሲጀምር ትተጋለህ ወይ እያለ ይጠይቀዋል፤ ስለ አሊ የጠየቀው ነገር ካለ አልተነገረንም። ዲ. ቢ. ስለሆነው ሁሉ ምን እንደሚያስብ ሲጠይቀው ምን እንደሚል ይጨንቀዋል። የሚያውቀው አንድ ነገር፣ ለብዙ ሰው መናገሩ እንደቆጨው ነው፤ ሲናገር የተረከላቸውን ሰዎች ሁሉ፣ ስትራድሌተርን፣ ያንን ሞሪስን ሳይቀር መናፈቅ ጀምሯልና። ጸሐፊው እንዳሉት መናገር ቢፈታው ኖሮ፣ ተርኮ የጨረሰ ልጅ ለማንም ምንም አትንገሩ ብሎ አይሰናበተንም ነበር። የደበደበውን ሰው ስለተረከ ብቻ የናፈቀ ልጅ፣ ስለ አሊ ከዚህ የበለጠ ቢተርክ ምን ይደርስበት እንደነበር ጸሐፊው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።